ፍላሹን ባዶ ላለመመለስ

ቁጭ ማለት አልችልበትም። ሳስተምር ከሰሌዳው እስከ መጨረሻው ዴስክ ስለምመላለስ ተማሪዎቼን ከፊዚክሱ ይልቅ የሚያደክማቸው አንገታቸውን ማዞሩ ነው። ሻይ ሳይበርድ እጠጣና ምላሴን አቃጥላለሁ። ሰው ሲያወራኝ ዓረፍተ ነገሩን እኔ እጨርስለታለሁ፣ ብዙ ጊዜም ተሳስቼ። እናቴ በሕይወት ሳለች «አንቺን መንገድ ላይ ነው መሰለኝ የወለድኩሽ» ትለኝ ነበር። ይህን የማወራው ለማመካኘት አይደለም። በአክስቴ ፍላሽ ላይ የደረሰው ነገር ቁጭ ማለት በሚችል ሰው እጅ ቢሆን ኖሮ አይደርስም ነበር፤ በኔ እጅ ሆነና ደረሰ።

መነሻው አንዲት ትንሽ ላፕቶፕ ናት። ወደ አረካ የተዛወረ የሥራ ባልደረባዬ ትቶልኝ የሄዳት፣ ከተማሪ ደብተር ብዙም የማትበልጥ፣ ባትሪዋ ከግማሽ ሰዓት በላይ የማይቆይ። ሆዷ ጠባብ ነው። ውስጧ ያለው የድሮ ሲስተም ልታደስ ይላል፣ ለመታደስ ቦታ ያጣል፣ ቦታ አጥቶ ዝም አይልም፣ እንደገና ልታደስ ይላል። የፈተና ጥያቄ ልጽፍባት ከፍቼ፣ ልብስ አጥቤ፣ አስጥቼ ስመለስ ያቺ ክብ ነገር አሁንም ትሽከረከራለች። እንደኔ ላለ ሰው ይህ ቅጣት ነው። አንድ ቀን መስኮት ከፍቼ ልወረውራት ተነስቼ ነበር፤ ያዳናት ከመስኮቱ ሥር የጎረቤት ቆርቆሮ መኖሩ ነው።

መምህራን ክፍል ውስጥ ይህንኑ እያማረርኩ ሳለ የአይሲቲ መምህሩ «ሊኑክስ ጫኚባት» አለኝ። «ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ አሮጌ ማሽን ያስነሳል። ፍላሽ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። ፍላሹ ላይ ሲስተሙን ትጽፊያለሽ፣ ላፕቶፑን ከፍላሹ ታስነሺያለሽ፣ ከዚያ ትጭኛለሽ። ግን ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ላፕቶፑ ላይ ያለውም እንደዚያው። አስቀድመሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪ።» ይህን የመጨረሻውን ነገር ሲናገር እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ነበር።

ሲስተሙን በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ እየተቆራረጠ በሦስት ቀን አወረድኩት። ፍላሽ ግን ቸገረኝ። ከመናኸሪያው በር የገዛኋቸው ሁለቱም ዋሾ ሆኑ፤ ላያቸው ላይ ስልሳ አራት ተጽፎ ሆዳቸው አራት እንኳ አይዝም። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ይሞታሉ።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ለዓይኗ ሕክምና ከሁምቦዋ ከተማ ከተበላ መጥታ እኔ ጋ ነበረች። የአባቴ እህት ናት። ባሏ ወንጌላዊ ነበር፤ ሁምቦን ቀበሌ ለቀበሌ በእግሩ ሲያዳርስ ኖሮ ነው ያረፈው። አንገቷ ላይ በጥቁር ክር የታሰሩ ሁለት ነገሮች አሉ፣ የቤቷ ቁልፍና አንድ ፍላሽ። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ ፍላሹን ትንሿ ስፒከሯ ላይ ትሰካና ታዳምጣለች። መዝሙር አለበት፣ የባሏም ስብከት አለበት። ይህ ፍላሽ አይዋሽም፤ ለባሏ አንድ ስልጠና ላይ የተሰጠ ነው።

ዓይኔ ፍላሹ ላይ ማረፉን አይታ ኖሮ ራሷ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

ክሩን ከአንገቷ አወለቀች። ግን ወዲያው አልሰጠችኝም።

«መዝሙሮቹ የሁሉም ሰው ናቸው» አለችኝ በወላይትኛ፤ ከሷ ጋር የምናወራው በሱ ነው። «ስብከቶቹም ቢሆኑ ከሰው እጅ አይጠፉም። አንዲት ግን አለች፣ ስም የላትም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያላት። አርባ ሰከንድ ብትሆን ነው። እሷ ስብከት አይደለችም። እሱ ካረፈ በኋላ ስልኩ ውስጥ ተገኘች፣ ስልኩም ተበላሸ። ያለችው እዚህ ብቻ ነው። ለማንም አልሰጠሁም።»

«አይዞሽ፣ ሁሉንም ገልብጬ አስቀምጣለሁ» አልኳት።

«አደራ።»

«አደራ» አልኩ፣ እጄን ዘርግቼ።

በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ተበላ ተመለሰች። በሳምንቱ ፍላሹን ይዤላት ልወርድ ተቀጣጠርን።

ቃሌን ጠብቄ ገለበጥኩ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ላፕቶፗ ዴስክቶፕ ላይ ፎልደር ከፈትኩ፣ «ጊዜያዊ» ብዬ ሰየምኩት፣ የፍላሹን ሁሉ ከተትኩበት። ቁጥር ያላትን ፋይል አየኋት። ተከትላ መግባቷን ላረጋግጥ ብዬ ነካኋት፤ የአክስቴን ባል ሳል ሳል አደረገው፣ ከዚያም «ይሄ ነገር ይሠራል?» አለ። ሥራዬ ብዙ ነበር። ዘጋሁት።

የራሴን የፈተና ጥያቄዎችና ፎቶዎች ደግሞ ወደ ስልኬ አሻገርኩ። የራሴን ነገር ከማሽኑ አወጣሁ፤ የሷን እዚያው ተውኩት። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው። ሲስተሙን ፍላሹ ላይ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ያለ ችግር ተጻፈ።

ቀጥሎ መብራት ጠፋ። ሁለት ቀን ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ የተዘጋችውን ላፕቶፕ እየዞርኩ አየኋት። እዚህ ሶዶ የኖረ ሰው መብራት ሲመጣ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ግቢው ሁሉ በአንድ አፍ «መጣ!» ይላል፣ ከዚያ ሰው ሁሉ መሮጥ ነው። አንዷ ካውያዋን ትሰካለች፣ አንዱ ስልኩን፣ አንዷ ምጣዷን፣ ሁሉም ሳይሄድ ልቅደመው ብሎ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ «መጣ!» ሲባል እኔም ላፕቶፗን ሰክቼ፣ ፍላሹን ከጎኗ ከትቼ አስነሳኋት።

መጀመሪያ አልታዘዝ አለች። አንዱን ቁልፍ እየደጋገምኩ ስጫን የድሮው ሲስተም ይቀድመኛል። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ሌላ ቁልፍ ሞከርኩ። በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ሰማያዊ ገጽ ወጣ፣ ፍላሹን መረጥኩ፣ ነጫጭ ጽሑፎች እንደ ዝናብ ወረዱ፣ ከዚያ ንጹሕ ገጽ ተከፈተ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም፤ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ቋንቋ ጠየቀኝ፣ መረጥኩ። የዓለም ካርታ አምጥቶ የት ነሽ አለኝ፣ አዲስ አበባ ላይ ነካሁ፣ ሶዶ የለችማ። ከዚያ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ተደምስሶ ይጫን ወይ አለኝ። በቀይ ጽፎ ሁለት ጊዜ ነው የጠየቀኝ። በጎረቤት በኩል አምፖሉ አንዴ ብልጭ ድርግም ሲል አየሁ። ሊሄድ ነው ብዬ አዎ አልኩ፣ እንደገና አዎ አልኩ።

መብራቱ አልሄደም። እስከ ማግስቱ ቆየ።

ላፕቶፗ ዳነች። ስትከፈት ሻይ ለመቅዳት እንኳ ጊዜ አትሰጥም። ሰነድ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ እንዲሁ ለማየት ብቻ እንደገና ከፈትኩ። ፍላሹን ነቅዬ ፎርማት አደረግኩት። አሁን የቀረኝ ለአክስቴ መመለስ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ።

እኛ ዘንድ ከሰው ቤት የመጣ ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት በሳህን ቆሎ ቢልክልሽ ሳህኑን አጥበሽ አትመልሽም፤ ሌላ ቢጠፋ ሁለት ሎሚ ጣል ታደርጊበታለሽ። ባዶ ሳህን መመለስ ሆድ ያስብሳል። የሷን ፋይሎች መልሼ ብከትማ የራሷን ለራሷ መስጠት ነው፣ የኔ ነገር የታለ? ስለዚህ ፍላሹን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የሞባይል ሱቅ ሄድኩ።

ባለሱቁ ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ ሙስሊም ነው፤ ግን በከተማው ውስጥ የሚዞር የወላይትኛ መዝሙር ሁሉ በሱ ኮምፒውተር ያልፋል። የትኛው ኳየር ስንተኛ አልበም እንዳወጣ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች የተሻለ ያውቃል።

«ቲቸር፣ ምን ልጫንልሽ?»

«የአክስቴ ነው። መዝሙር ሙላልኝ። ለሷ ነገር ትንሽ ቦታ ብቻ ተውልኝ።»

«ባዶውን እንዳይመለስ ነዋ» አለ እየሳቀ። «ያስለመዱን እናንተ ናችሁ።»

ሞላልኝ። አዲስ የወጣውን፣ የድሮውን፣ በበገና የታጀበውን፣ ልጆች የዘመሩትን፣ አፉ እስኪደርስ ሞላልኝ። ደስ ብሎኝ በእግሬ ወደ ቤት ወጣሁ። የዳሞታ ተራራ ጭጋጉን ገፎ ነበር። አክስቴ ስትሰካው ፊቷ እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ ነበር የምሄደው።

ቤት ገብቼ ፍላሹን ሰካሁ። ከዚያ «ጊዜያዊ»ን ልከፍት ዴስክቶፑን አየሁ። አንዲት የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት ብቻ አለች።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሌላ ቦታ ፈለግኩ። እዚያ ፈለግኩ፣ እዚህ ፈለግኩ፣ የፎልደሩን ስም ጽፌ አስፈለግኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። ምናልባት በሕይወቴ መጀመሪያ ጊዜ መላ ሰውነቴ ቆመ። በቀይ የተጻፈው ጥያቄ፣ ሁለት ጊዜ ያልኩት አዎ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። አደራ በልቻለሁ።

ጫማዬን አጥልቄ ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ባለሱቁ ሳልጨርስ ገባው። የጠፋ ነገር የሚፈልግ ፕሮግራም ከፍቶ ፍላሹን አስፈተሸ። ቆየ፣ ጢሙን ያሻሻል። ላፕቶፗንም አምጪ አለኝ፣ ሄጄ አመጣሁ፣ እሷንም ፈተሸ። ከሷም የወጣ ነገር የለም።

«ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርሽ። ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሲስተሙ የተጻፈበት ቦታ ቢጠፋ እንኳ ከሌላው ጥግ አንድ ሁለት ነገር አይጠፋም ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኛ ሞላነው። ከታች እስከ ላይ መዝሙር ጻፍንበት። ባዶ ቢሆን ኖሮ ተስፋ ነበረው።»

ከኮምፒውተሩ ውስጥ የአክስቴን ባል ሁለት ስብከቶች ፈልጎ አገኘልኝ፤ ሰው ለሰው ሲያስገለብጥ እሱ ጋ የቀሩ ናቸው። ያቺ ቁጥር ግን የለችም። ለማንም አልሰጠችማ።

እስከ ቀጠሮው ቀን የነበሩት ቀናት አልገፋ አሉኝ። ውሸት ፈለግኩ፣ ማግኘቱ ደግሞ ቀላል ነበር። «ፍላሹ ተበላሸ» ብል ማን ይጠይቀኛል? ፍላሽ ይበላሻል። በየቤቱ ተበላሽቶ የተጣለ ፍላሽ አለ። በየምሳ ሰዓቱ ቃሉን ለመድኩት፣ ድምፄን ሐዘንተኛ ማድረግ ሁሉ ተለማመድኩ። የአይሲቲ መምህሩ የሆነውን ሲሰማ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ። መልቀም ቢቻልማ ምን ገዶኝ።

ቀኑ ሲደርስ ላፕቶፗንም ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለምን እንደያዝኳት አላውቅም፤ ጥፋተኛዋን ይዤ መቅረቤ ነበር መሰለኝ። መንገዱ ወደ ቆላ በወረደ ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ በየጥቂቱ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል፣ እኔ ሾፌሩን «ምን ነካህ፣ አትነዳም?» ማለት ሲያምረኝ፣ ወዲያው ደግሞ ባንደርስ እላለሁ።

አክስቴ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ተሽሏታል። ጓዳ ቦይና ጥዳለች፣ በአማርኛ ጎደሬ የሚባለውን። መብራት የለም። ሰላምታ ሳንጨርስ ፍላሹን ከእጄ ወስዳ ስፒከሯ ላይ ሰካችው።

አዲሱ መዝሙር ቤቱን ሞላው። ፈገግ አለችና «ሎኦ» አለችኝ፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ቀጣዩን ተጫነች። ሌላ መዝሙር። ቀጣዩን። ሌላ መዝሙር። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ቀጣዩን፣ ቀጣዩን፣ ቀጣዩን። እያንዳንዱን አንድ ቃል ብቻ ሰምታ ታልፈዋለች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ሄደ። የተለማመድኩት ውሸት አፌ ላይ ነበር፤ ያቺን ቁልፍ የምትጫን አውራ ጣቷን እያየሁ ማውጣት አቃተኝ።

«አክስቴ፣ ተይው። የለችም። እኔ ነኝ ያጠፋኋት» አልኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

ስፒከሩን አጠፋችው። ፍላሹን ነቅላ መዳፏ ላይ አስቀምጣ አየችው።

«ሞልተሽዋል» አለች።

«አዎ።»

«ባዶውን እንዳይመለስ ብለሽ።»

«አዎ።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀና ሳትል «ስትገለብጪ ሰማሻት?» አለችኝ።

«መጀመሪያዋን ብቻ። ሦስት ሰከንድ።»

«ምን ይላል?»

«ይስላል። ከዚያ ‹ይሄ ነገር ይሠራል?› ይላል።»

ዓይኗን ጨፈነች። «ከዚያስ?»

«አላውቅም። ዘጋሁት።»

«ለምን?»

«ሥራ ነበረኝ» አልኳት። ይህን ያህል የሚያሳፍር ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ቆይታ ከፊት ለፊቷ ያለውን በርጩማ በእግሯ ወደኔ ገፋችው። «ቁጭ በይ። ቀሪውን እኔ አውቀዋለሁ።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝና ፈራሁ፤ እንዲያም ሆኖ ጠየቅኳት። ላፕቶፗ ድምፅ ትቀዳለች፣ ልቅዳሽ? አልኳት። ላፕቶፗን አየቻት፣ ትንሽነቷን ሳትንቅ አልቀረችም።

ከፈትኩ። መቅጃውን ነካሁ። አክስቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ ወደ ላፕቶፗ ጎንበስ አለች።

«ይሄ ነገር ይሠራል?»

«ይሠራል» አልኳት።

አርባዋን ሰከንድ ለመናገር ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀባት። ባሏ ስልኩን አዲስ የገዛ ሰሞን ነው። ለስብከት መቅጃ እንዲሆነው ሊሞክረው ፈልጎ፣ ማብራቱን እንጂ ማጥፋቱን አያውቅም። «ነይ፣ አንድ ነገር ተናገሪ» ይላታል። «ምን ልበል?» ትለዋለች። «የፈለግሽውን። ስምሽን በይ።» እሷ ትስቃለች። ሳቋን ልክ እንደነበረው አድርጋ ሳቀችው። ከዚያ እጇ የት እንደነበር፣ ነጠላዋን እንዴት እንደያዘች፣ የበጉን ጩኸት ከውጭ፣ ሁሉንም በየቦታው እያስገባች ቀጠለች። እኔ የማየው የባትሪውን ቁጥር ነበር። አሥራ አራት። አሥራ አንድ። ዘጠኝ። ፍጠኚ ማለት ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነክሼ ያዝኩት።

«‹ምድጃው ላይ ቦይና አለ፣ ያርርብኛል› አልኩት» አለች። «‹ይረር፣ ነይ ቁጭ በይ› አለኝ። እኔ ግን ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለው የእግሬ ኮቴ ብቻ ነው፣ እሱም ዝም ብሎ ሲጠብቀኝ። ጠዋት ጠዋት የምሰማው ይህን ነበር። ምናለ ብቀመጥ? ለአንድ ድስት ቦይና!»

አቆመች። መቅጃውን ልዘጋ እጄን ሰደድኩና መልሼ ሰበሰብኩት። ጥቂት ቆይቼ ነው ቅጂውን ያስቀመጥኩት። ባትሪው ስድስት ይላል።

በዚህ መሃል ከጓዳ ሽታ መጣ። ውሃው አልቋል፤ ቦይናው ድስቱን መያዝ ጀምሯል። ከበርጩማው በግማሽ ተነሳሁ። አክስቴም ሸትቷታል፣ ፊቷ ወደ ጓዳው ዞረ። ግን አልተነሳችም። ስፒከሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ተቀምጣለች።

መልሼ ተቀመጥኩ።

ቦይናው አረረ። ኋላ የላይ የላዩን ለይተን በዳጣ በላነው።